ኮሶ የጠጣው ባሕር

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የቺላሎ ተራራ ከነደኑ ተንዶ ጎማ ቤቴ ላይ ይረፍ! ይህን የምምለው እኔ ይርሳው ጎሚስታው ነኝ። የማያውቀኝ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። ከናዝሬት ተነስቶ ባሌ ከሚወርደው መኪና ሁሉ በእኔ እጅ ያላለፈ ጎማ ካለ፣ ያ ጎማ ገና አልተነዳም ማለት ነው። አንድ ጊዜ የታንክ ጎማ ለጥፌአለሁ። ታንክ ጎማ የለውም የሚለኝ አይጠፋም፤ ያኛው ነበረው። ደግሞም እንደ ሌላው ወሬኛ “አሉ” እያልኩ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ምስክር አለኝ። ምስክሬ ሀሊሜ ናት፤ የእህቴ የአፀደ ጎረቤት። ሁለቱን ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከወዲህ ሲያስነጥሱ ከወዲያ “ይማርህ” ይባላል። የሆነው ሁሉ ዓይኗ እያየ ነው የሆነው። ጽፌ ስጨርስ እሷው ፊት አነበዋለሁ፤ ከዋሸሁ እዚያው ታቁመኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቃል ነው። ከፋሲካ በኋላ በዋለው ቅዳሜ ጠዋት አፀደ ቤት ብቅ ስል፣ ኃይለመስቀል ሳሎኑ መሐል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ፣ “ትል የወጣበት ቤት ሬሳ የወጣበት ቤት ነው” ሲል ደረስኩ። ኃይለመስቀል የእህቴ ባል የሣህሌ ታላቅ ወንድም ነው። ሁሩታ ከቀበሌዎቹ በአንዱ ተመራጭ ነኝ ብሎ፣ የካኪ ኮቱን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ የሚዞር፣ ዶሮ እንኳ ሲያባርር “ጓድ” የሚል ሰው። አፀደ ልትወጣ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር። መስማቷን ያወቅሁት የነጠላዋን ጫፍ አጣፍታ፣ ፈትታ፣ እንደገና ስላጣፋችው ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ! ባሏ ከየካቲት ወዲህ ድምፁ የጠፋባት ሴት፣ በየቢሮው በር ፎቶውን ይዛ የምትቆም ሴት፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሳሎኗ፣ እንዲህ ያለ ቃል ይነገራታል? ደሜ ፈላ።

ትሉን ለመረዳት መጀመሪያ ባሕሩን መረዳት ያስፈልጋል። አዎ፣ ባሕር ነው ያልኩት። ሣህሌ የባሕር ኃይል መካኒክ ነው። አሰብ ሳለ አንድ የሩሲያ መርከበኛ አገሩ ሲገባ የመስተዋት ገንዳ ጥሎለት ይሄዳል። ሣህሌም ፈቃድ ሲያገኝ ያንን ገንዳ በሀሊሜ ባል በከዲሮ የጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ አሰላ ይዞት መጣ። ገንዳው ባልና ሚስት እግራቸውን ዘርግተው የሚተኙበት የሽቦ አልጋ ያህላል። ውስጡ ከቀይ ባሕር ወለል የተነሳ ድንጋይ አለ፤ ድንጋይ ሲሉት ድንጋይ፣ አበባ ሲሉት አበባ፣ ነገር ግን ነፍስ ያለው፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይጨበጣል። ሣህሌ ስሙን ኮራል ይለዋል። በድንጋዩ ዙሪያ ቢጫና ጥቁር መስመር የለበሱ ሁለት ዓሣዎች እንደ ባለሥልጣን ይንጎራደዳሉ። አሰላ ባሕር የምታውቀው በቡና ቤት ግድግዳ ላይ በተሳለው ሥዕል ነው፤ ያውም ሠዓሊው የዝዋይን ሐይቅ አይቶ ሲመለስ የሳለው። እናም ያን ሰሞን ከአቦምሳ፣ ከሮቤ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የእህቴን ሳሎን ሊያይ ይጎርፍ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ብል አላጋነንኩም።

ያ ባሕር በብርድ አገር እንዴት ኖረ ያላችሁ እንደሆነ፣ በእኔ ጥበብ ኖረ። ዓሣ አየር ይፈልጋል፤ አየር ደግሞ የእኔ ግዛት ነው። አንድ ትልቅ የመኪና የውስጥ ጎማ እስኪወጠር እነፋና በቀጭን ላስቲክ ወደ ገንዳው እዘረጋዋለሁ፤ ላስቲኩን በልብስ መቆንጠጫ ሳጠብቀው አየሩ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ቀኑን ሙሉ ይወጣል። ጠዋት ሥራ ሳልገባ ነፍቼ፣ ማታ ስዘጋ ነፍቼ። ጨው ውሃውን ከዲሮ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር በጄሪካን ያመጣል፤ እኔ ደግሞ ጎማውን በነፃ እለጥፍለታለሁ። ለሙቀቱ አፀደ ከመስተዋቱ ሥር አምፖል አብርታ ትተዋለች፤ መብራት ሲሄድ ጋቢዋን አውልቃ ገንዳውን ታለብሰዋለች። እሷ ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች፣ ባሕሩ ጋቢ ለብሶ ያድራል። እንዲህ ነው የኖረው።

ትሏ የመጣችው በድንጋዩ ቀዳዳ ተደብቃ ነው። ሣህሌ ገና እዚህ ሳለ፣ ከሥጋ ቤት ያመጣሁት የጉበት ፍርፋሪ ወደ ወለሉ ሲወርድ፣ ከቀዳዳው ብቅ ብላ ስባው ገባች። ርዝመቷ የበሬ ጅራፍ ያህላል፤ ሮዝ መልክ አላት፤ ግራና ቀኟን እንደ ብሩሽ ነጭ ፀጉር ወርሷታል። እኔ የማልፈራ ሰው ነኝ፤ ጅብ በጆሮው ይዤ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ትንሽ ወደ ኋላ አልኩ፤ ለሌላው እንዲታይ ብዬ ነው። ሣህሌ ሳቀብኝና፣ “አይዞህ ይርሳው፤ የቤቱ ጠራጊ እሷ ናት። የሞተና የተረፈ ነገር ትበላለች። እሷ ባትኖር ትራፊው ይበሰብስና ውሃው ይሸታል፣ ከዚያ ሁሉም ያልቃል። በጣትህ እንዳትነካት ብቻ፤ ፀጉሯ እንደ ሳማ ይለበልባል” አለኝ። ወደ ምጽዋ ተዛውሮ ሲሄድ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ለአፀደ የመጨረሻ የነገራት ይህንኑ ነው፦ “ትሏን እንዳያስነኩብሽ። ስመለስ ሁሉንም እንደነበረ ላግኘው።” ሌላ ሰው ለሚስቱ ሲሰናበት ሌላ ነገር ይላል። ሣህሌ እንዲህ ነው። አፀደም ያንን ቃል እንደ ታቦት ጠበቀችው።

ከዚያ የካቲት መጣ። ምጽዋ በጦርነቱ ምን እንደሆነች ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል፤ ሬዲዮው ዘፈን ያጫውታል። አፀደ ቢሮ ትሄዳለች፤ “ሲደርሰን እንነግርሻለን” ይሏታል። ሌላ ቢሮ ትሄዳለች፤ “አንቺ ደግሞ ማነሽ?” ይሏታል። ሞቷል የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። ዘመድ ግን ቆረጠ። የባሏ ዘመዶች እንቀመጥ፣ ለቅሶው ይውጣልን፣ ተስካሩን እናውጣ ይሏት ጀመር፤ ሰው ሳይሞት በቁሙ ሊቀብሩት! እሷ ጥቁር አልለብስም አለች። ማንም ሲጠይቃት ወደ ገንዳው እያሳየች፣ “እንደነበረ ይጠብቀኝ ብሎኛል፤ እየጠበቅሁት ነው” ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ያ ገንዳ ቡልቅ፣ ቡልቅ ካለ ሣህሌ አለ ማለት ነው። ይህን አሰላ ሁሉ ያውቃል። ኃይለመስቀልም ያውቃል። ግፉን ግፍ ያደረገውም ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አፀደ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አንድ የማታውቀው ሹም ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይገባል ብለዋት ነው። የበሩ ድምፅ ገና ሳይጠፋ ኃይለመስቀል ስብሰባ ጠራ። ስለ ትል! ጎረቤቱን፣ መንገደኛውን፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ሰብስቦ ሳሎኑን አጨናነቀው፤ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጣራ ላይ የወጣም ነበር። ኃይለመስቀል ጉሮሮውን ጠራረገና፣

“ጓዶች፣ አጀንዳው አንድ ነው፤ ትሉ ይቆይ ወይስ ይወገድ?” አለ።

“የቤቱ ጠራጊ ናት!” አልኩ ከወዲህ።

“ጠራጊ? ለመሆኑ ምን ትበላለች?”

“የሞተ ነገር።”

“ዓሣዎቹ ደህና ናቸው፣ ድንጋዩም ደህና ነው። እንግዲያ የማንን ሞት ነው የምትጠብቀው?”

እውነቱን ልናገር፣ ያቺ ጥያቄ የማንንም አጥንት ትበላለች። የእኔን አልበላችም፤ ሌላውን ግን በላች። ሰው ሁሉ ትሏን ያያል፣ ትሏ ከቀዳዳዋ ጫፏን አውጥታ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ አንድ ነገር የምትፈልግ ትመስላለች። እኔ እንደ አንበሳ ተነሳሁ። “ስለ ጅብ አስቡ እንጂ እናንት ሰዎች!” አልኩ። “ጅብን የሚወድ አለ? የለም። የሞተውን አህያ፣ የሥጋ ቤቱን ትርፍራፊ ከአሰላ የሚያነሳልን ግን ማነው? ቀበሌ ነው? ጅብ የሌለበት ከተማ ይገማል! ይህችም የባሕሩ ጅብ ናት። ባለቤቱ አትንኳት ብሏል፤ ባለቤቱ ባሕርን ያውቃል፣ እናንተ የምታውቁት ገብስ ነው!” ንግግሬን የሰሙ ዛሬም ሲያገኙኝ ያነሱታል። አንዲት ባልቴት አለቀሱ። ነገር ግን ምን ያደርጋል፤ ኃይለመስቀል እጅ አስወጣ። በዚያ ዘመን እጅ አውጡ ሲባል ምን ለማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ እጁን የሚያወጣው ብዙ ነው። የእጅ ደን በቀለ፤ ትሏ በድምፅ ብልጫ ተፈረደባት።

እንዴት ትገደል ሲባል ደግሞ የባሰው መጣ። ኃይለመስቀል እጁን ሰዶ ሊያወጣት ሞከረ፤ ፀጉሯን ጣቱ ላይ ተክላበት እንደ ሕፃን ጮኸ። (በዚያ ሰሞን የእኔም ጣት አብጦ ነበር፤ የእኔን ያገኘው ግን የጎማ ማውለቂያው ብረት ነው፤ እንዳይምታታ።) ያኔ ነው ኮሶ ያለው። እኛ ኮሶን የምናውቅ ሰዎች ነን። አያቶቻችን ከሸዋ ሲመጡ ጥሬ ሥጋ መውደዱንም ኮሶ መጠጣቱንም አብረው ነው ያመጡት፤ የቺላሎ ደን ደግሞ የኮሶ ዛፍ አገር ነው። የዛሬ ሰው ክኒን ይውጣል፤ እኔ ግን በየሁለት ወሩ በጧት ተነስቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ዱቄቱን በጥብጬ ጭልጥ አደርጋለሁ፤ ፊቴ አይጨማደድም። ሆድ ውስጥ ያለ ትል ኮሶ ሲቀምስ አይቆምም። እንግዲህ ኃይለመስቀል ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ትል ትል ነው፣ ሆድም ገንዳም አንድ ነው ብሎ። የደረቀውን የኮሶ አበባ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ኖሯል። በማን ሙቀጫ እንደወቀጠው እግዜር ይወቅ። አልሞ፣ በጣሳ በጥብጦ፣ አረፋውን ደፍቆ መጣ። እኔ ገንዳው ላይ ተዘረጋሁ። በሬሳዬ ላይ ተራምዳችሁ ብዬ ጮኽኩ። ጎረምሶች ተረባርበው ያዙኝ፤ ጡንቻዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ለመያዝ ስንት ሰው እንደፈጀ አልናገርም። ተይዤ፣ ዓይኔ እያየ፣ ጣሳውን ገለበጠው።

ውሃው መጀመሪያ ሻይ መሰለ፤ ከዚያ የጠላ አተላ መሰለ። የድንጋዩ አበባዎች አንድ ላይ ተጨበጡ፤ በቀን ሲጨበጡ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። ትሏ ከቀዳዳዋ ሙሉ በሙሉ ወጣች። ሁለንተናዋን ያየናት ያኔ ነው። ተጠማዘዘች፣ ተዘረጋች፣ ከወለሉ ላይ ቀረች። ሰው “እሰይ!” አለ። “አለቀ!” አለ። አላለቀም ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ዓሣ ወደ አየሩ መውጫ ተጠጋ፤ አፉን ከላስቲኩ ጫፍ ላይ ደቅኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ወደ ጎማው ሮጥኩ፤ መቆንጠጫውን አላላሁ፤ አየሩ እንደ ጉድ ፈላ። ነፋሁ። እግሬ እስኪዝል መንፊያውን ረገጥኩ። ዓሣው በጎኑ ሆነ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሣህሌ ያለው ደረሰ፣ ያውም ባላሰበው መንገድ፤ ጠራጊዋን የገደለው ነገር ቤቱን በሙሉ ጠረገው። ያ ሁሉ እጁን ያወጣ ሰው በምን በር እንደወጣ አላየሁም። ጉዳቱ ሲታይ እጅ ያወጣ አይገኝም፤ አገራችን እንዲህ ናት።

አፀደ ከቀትር በኋላ መጣች። ሹሙ ቅዳሜ አይገባም፣ ሰኞ ነይ ብለዋታል። ፎቶውን ከመቀነቷ አውጥታ ከሬዲዮኑ ጎን አቆመችው፤ ይህን ሁሌም ስትመለስ ታደርጋለች። ከዚያ ዞረች። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ሀሊሜ በሩ ጋ ቆማለች። አፀደ ወደ ገንዳው ተጠጋችና መዳፏን መስተዋቱ ላይ አስቀመጠች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ። አላለቀሰችም። ማን ነው አላለችም። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ እኔ የምረሳው ነገር የለም፣ ያንን ግን ረሳሁት። አየሩ አሁንም ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። እጇን ከመስተዋቱ አነሳችና፣

“ጋሼ፣ ዝጋው በቃ፤ ለማን ብሎ ነው?” አለች።

ዘጋሁት። አምፖሉን ራሷ አጠፋችው። ገንዳውን ለማጠብ እንርዳሽ ስንላት በእጇ ከለከለችን፤ ብቻዋን ጨልፋ፣ ጨልፋ፣ ደጅ ደፋችው። ባሕሩ በአሰላ ቦይ ወረደ። በማግስቱ እሑድ ሳያት ጥቁር ለብሳለች። ማንም ወረቀት አላመጣላትም፣ ማንም መልአክ አልነገራትም፤ ራሷ አውጥታ ለበሰችው። ዘመዶቿ “ተመስገን፣ አመነች” አሉ። አመነች! ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ የሣህሌ ወሬ ዛሬም የለም፤ አለም አልተባለ፣ ሞተም አልተባለ፤ እህቴ ግን በጥቁር ልብስ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። እኔ ጠዋት ጠዋት እግሬ ለምዶብኝ መንፊያዬን ይዤ እስከ በሯ እሄድና እመለሳለሁ። ይህንን ጥቁር ያለበሳት ኃይለመስቀል ነው! ማን ይጠይቀዋል? ኮቱን ቆልፎ ሁሩታ ላይ ይንጎራደዳል። በሰው ቤት ገብቶ የሰውን ተስፋ በጣሳ ኮሶ ገድሎ የሚያድር ሰው፣ እግዜር ቢምረው እኔ አልምረውም። ይህንን የጻፍኩትም ስሙ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ቃሌን ጠብቄ ዛሬ ከሰዓት ለሀሊሜ ደጇ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ምስር ትለቅም ነበር። አልጋ የሚያህለው ገንዳ ጋ ስደርስ ፈገግ አለች፤ የጅቡ ንግግር ጋ ስደርስ ሰፌዱን ወዘወዘችው። ኮሶው ጋ ስደርስ መልቀሟን ተወች። ወረቀቱን አጠፍኩና፣ “እህ ሀሊሜ፣ የጎደለ አለ?” አልኳት።

ከሰፌዱ ላይ አንድ ጠጠር አነሳችና ወረወረችው።

“ጽሑፍህ ያምራል” አለች ቀስ ብላ። “ኃይለመስቀል ግን ያን ቀን አልመጣም። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ ከዲሮም መኪናውን ይዞ እዚያው ሁሩታ ነው ያደረው።”

“ሀሊሜ፣ አንቺ ደግሞ…”

“ሰውም አልተሰበሰበም። እኔና አንተ ነበርን። የመስተዋት ገንዳው ከሬዲዮኑ ጎን የሚቀመጥ ትንሽ ነበር፣ ትሏም የስፌት ክር ታህላለች። ያንን የሬሳ ነገር አፀደ ነጠላዋን ስታጣፋ የተናገርከው አንተ ነህ። ስትወጣ፣ ‘ይህች ትል የሣህሌን ሞት ነው የምትጠብቀው፣ ሳልገድላት አላድርም’ አልከኝ። እጅህን ስትሰድ ወጋችህ፤ እሾኋን በቅቤ አሽቼ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ከዚያ ሄደህ የራስህን ኮሶ አመጣህ።”

ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመረች።

“አፀደ ስትመጣ፣ ብርድ ነው የገደላቸው አልካት። የኮሶ ሽታ ጠፍቷት ነው ዝም ያለችህ? ሣህሌ የመጣ ዕለት ይህንን ወረቀት አታንብብለት፣ ይርሳው። ሙቀጫው የእኔ ነው፤ ዛሬም ይመራል። ጨው ወቀጥኩበት፣ በርበሬ ወቀጥኩበት፤ አልለቀቀም።”